መሶቡ ካልተከፈተ መዘውሯ አትዞርም

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ለማለት አፉን ያሰናዳ ካለ ይዝጋው። የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለውም። ያለው አንዲት ሰማያዊ ላዳ፣ አንዲት የተናደደች ሴትና ጥፍር የምታህል አንዲት መዘውር ናት።

ከመቂ ወጣ ብሎ አውሮፕላን የረሳው ሜዳ አለ። አውሮፕላኑ ከቀረ ወዲህ ፍየል ይውልበታል። በውድድር ቀን ግን ፍየሎቹ ወደ ዳር ይባረሩና አሮጌ መኪኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቀጥ ባለው አስፋልት ላይ ይሽቀዳደሙበታል። ደንቡ ደግሞ ከሌላው ሽቅድምድም ለየት ይላል። ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ከመጨረሻው መስመር የደረሰ ይወድቃል። ከሃያ በኋላ ቀድሞ የደረሰ ያልፋል። ዘገየህም ተሸነፍክ፣ ፈጠንክም ተሸነፍክ። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ከማን ጋር ተጣልቶ እንዳወጣው እኔ አላውቅም።

ስለዚህ እዚያ የሚመጣ መኪና ሁሉ ማገጃ የሚባል ነገር ያስራል። ነጂው ነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም ማገጃው ሞተሩን ለአፍታ አፍኖ ይይዘውና ከዚያ ይለቀዋል። ለምን ያህል አፍታ እንደሚይዘው የሚወስነው በትንሽ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ሰዓት ነው። ሰዓቱን የምታዘው ደግሞ መዘውሯ ናት። ወደ ቀኝ ብትዞር ማገጃው ረዘም አድርጎ ይይዛል፣ ወደ ግራ ብትዞር ቶሎ ይለቃል። ሳይንሱ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ እኔንም አትጠይቁኝ።

የላዳዋ ነጂ እልፍነሽ ትባላለች። ላዳዋን አባቷና የአባቷ ወንድም ጋሼ ደግፌ በጋራ ገዝተዋት፣ አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ሠርተውባታል። እሳቸው ካረፉ በኋላ ጋሼ ደግፌ «ግማሿ የኔ ነው» ብሎ አያውቅም። በዚህ ጾም ግን የሽንኩርት ማሳው የውሃ መሳቢያ ሞተር ተቃጠለበት። አጎትና የወንድም ልጅ ተቀምጠው ተስማሙ፦ እልፍነሽ ዛሬ ከወደቀች የላዳዋ ሞተር ወርዶ ሽንኩርት ያጠጣል፤ ካለፈች ከፋሲካ በኋላ እስካለው የመጨረሻ ውድድር ድረስ አይነካም። እልፍነሽ ያንን ውድድር ስታልመው ከርማለች። ሞተሩ ሲወርድ ማየት ማለት አባቷን ሁለተኛ መቅበር ማለት ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም እንጂ።

ጠዋት በሙቀቱ ላዳዋ ልክ ከሃያ በኋላ ገብታ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ግን ከሜዳው ማዶ ካለው ሐይቅ በኩል አንድ ደመና መጣና ፀሐይዋን ሸፈናት፣ ነፋሱም ቀዘቀዘ። ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ሲቀዘቅዝለት ጉልበት ያገኛል። እልፍነሽ ክንዷን ነፋሱ ሲነካት ገባት። በዚህ አየር ላዳዋ ቸኩላ ሃያ ሳይሞላ ትገባለች። መዘውሯ አንድ ጭረት ወደ ቀኝ መዞር አለባት። የፈለገችው ያንን ብቻ ነው፣ አንድ ጭረት።

ራሷ እንዳታዞራት ነጂ ሳጥኑን መንካት አይፈቀድለትም። የሚከፍተው የተመዘገበው መካኒክ ነው፤ እሱም ጋሽ ይርዳው ናቸው። ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው በላዳዋ ትርፍ ጎማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ጋሽ ይርዳው፣ መዘውሯን አንድ ጭረት ወደ ቀኝ ያዙሩልኝ።»

«በደስታ» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ቶላ ይምጣና አዞራለሁ።»

«ቶላ ምን ያደርጋል? ካቻቢቴው የእርስዎ፣ እጁም የእርስዎ!»

«ሽቦው ግን የሱ ነው። ሰዓቱን ከተበላሸ ሬድዮ ዕቃ ለቅሞ የሠራው እሱ፣ ያሰረውም እሱ። እሱ ሳያይ ብከፍተው ናቀኝ ይላል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ልጅ ንቄ አላውቅም።»

ናቀኝ ይላል! በዚህ አገር ሕግ የሚጥስ ሞልቷል፣ «ናቀኝ ይላል»ን የሚጥስ ግን አልተወለደም። እልፍነሽ ቶላን ፍለጋ ስትሮጥ በልቧ እንዲህ ትላለች፦ ቶላ ካልመጣ ሳጥን አይከፈት፤ ሳጥን ካልተከፈተ መዘውር አትዞር፤ መዘውር ካልዞረች ሞተር አይታፈን፤ ሞተር ካልታፈነ ላዳ ትቸኩላለች፤ ላዳ ከቸኮለች ትወድቃለች፤ ላዳ ከወደቀች ሞተሩ ሽንኩርት ያጠጣል።

ቶላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የእልፍነሽ እናት ወይዘሮ አስካለች ለቡድኑ ምሳ ይዘው መጥተው በድንኳን ሥር መሶብ ዘርግተዋል፤ ቶላም እጁን ታጥቦ፣ የታጠበው እጁ እንዳይቆሽሽበት ጣቶቹን ወደ ላይ ገትሮ፣ ከመሶቡ ፊት ተቀምጧል። መሶቡ አልተከፈተም። ከማለዳ ጀምሮ ማንም እህል አልቀመሰም።

«ቶላ፣ ተነስ! ጋሽ ይርዳው አንተ ካልመጣህ ሳጥኑን አልከፍትም አሉ።»

«ጨዋ ሰው ናቸው» አለ ቶላ ተደስቶ። «እኔ ግን አሁን መነሳት አልችልም።»

«ለምን?»

ቶላ ዓይኑን ወደ ጎኑ ሰበር አደረገ። ከጎኑ ጋሽ ሽብሩ ተቀምጠዋል፤ የአባቷ የታክሲ ተራ ጓደኛ፣ የላዳዋን የኋላ ጎማዎች ያዋሱት ሽማግሌ። «ታላቅ ሰው ሳይጎርስ ከማዕድ ልነሳ? እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች?»

«እናትህ ያለችው አምቦ!»

«ትሰማለች» አለ ቶላ በእርግጠኝነት።

እልፍነሽ ጥርሷን ነከሰች። ጋሽ ሽብሩ ካልጎረሱ ቶላ አይነሳ፤ ቶላ ካልተነሳ ሳጥን አይከፈት፤ ሳጥን ካልተከፈተ መዘውር አትዞር፤ መዘውር ካልዞረች ሞተር አይታፈን፤ ሞተር ካልታፈነ ላዳ ትቸኩላለች፤ ላዳ ከቸኮለች ትወድቃለች፤ ላዳ ከወደቀች ሞተሩ ሽንኩርት ያጠጣል። ይህን እያሰበች ሳለ ድምፅ ማጉያው ጮኸ፦ «ሰማያዊዋ ላዳና ነጩ ቮልስ ወደ መነሻው! የመጀመሪያ ጥሪ!» ጥሪው ሦስት ነው። በሦስተኛው መስመሩ ላይ ያልተገኘ ቤቱ ይግባ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እባክዎን አንዴ ይጉረሱ!»

ጋሽ ሽብሩ የታጠበ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳጋደሙ ቀና ብለው አይዋት። «ምኑን ልጉረስ ልጄ?»

«መሶቡ ፊትዎ ነው!»

«ክዳኑም ፊቴ ነው። ባለቤቲቱ ሳትከፍተው የሰው መሶብ የሚከፍት ጅብ ነው። ከአባትሽ ጋር ሃያ ዓመት ተራ ስንጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ተራ ቆርጬ አላውቅም፤ አሁን በመሶብ ልጀምር?»

«እንግዲያው ቶላን ተነስ ይበሉት።»

«ተነስ ብለውም አይነሳም፤ የተባረከ ልጅ ነው።»

የተባረከው ልጅ ጣቶቹን እንደገተረ አንገቱን ደፋ። የእልፍነሽ ደም ወደ ራሷ ወጣ። አንድም ክፉ ሰው አጣች እኮ! ክፉ ሰው ቢሆን ጮሃ ታሸንፈው ነበር። ጨዋ ሰውን በምን ያሸንፉታል? መሶብ ካልተከፈተ ጋሽ ሽብሩ አይጎርሱ፤ ጋሽ ሽብሩ ካልጎረሱ ቶላ አይነሳ፤ ቶላ ካልተነሳ ሳጥን አይከፈት፤ ሳጥን ካልተከፈተ መዘውር አትዞር፤ መዘውር ካልዞረች ሞተር አይታፈን፤ ሞተር ካልታፈነ ላዳ ትቸኩላለች፤ ላዳ ከቸኮለች ትወድቃለች፤ ላዳ ከወደቀች ሞተሩ ሽንኩርት ያጠጣል።

ወይዘሮ አስካለች ከድንኳኑ በር ላይ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ ሜዳው ያያሉ።

«እማዬ፣ መሶቡን ክፈቺ!»

«እንግዳ ቆሞ?»

«የምን እንግዳ?»

«ዓይንሽን ምን ነካው? ደግፌ ነዋ! የአባትሽ ወንድም እዚያ ግራር ሥር ቆሞ እኔ መሶብ ልክፈት? ባሏ ሲሞት ዘመዱን ረሳች ልባል?»

«ማን ነው የሚልሽ? እዚህ ያለው ፍየልና ጎማ ነው!»

«ፍየሉም ቢሆን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም አፍ አለው።»

«ታዲያ ጥሪው!»

«ጠራሁት እኮ። አንዴ ጠራሁት፣ ‹ትንሽ ቆይቼ› አለ። ደግሜ ጠራሁት፣ ‹እናንተ ብሉ› አለ። እናንተ ብሉ ያለን እንግዳ ትቶ መብላት ደግሞ ይብሳል።»

«ሰማያዊዋ ላዳና ነጩ ቮልስ ወደ መነሻው! ሁለተኛ ጥሪ!»

ነጩ ቮልስ እያጉረመረመ ወደ መስመሩ ሄደ። ነጂው ደመናውን ቀና ብሎም አላየው። እልፍነሽ ወደ ግራሩ ሮጠች፤ እየሮጠች አሁን ድምፅ አውጥታ ትቆጥር ጀመር፣ የሚያያት ሰው ለየላት እስኪል። ጋሼ ደግፌ ካልተቀመጠ እማዬ መሶብ አትከፍት! መሶብ ካልተከፈተ ጋሽ ሽብሩ አይጎርሱ! ጋሽ ሽብሩ ካልጎረሱ ቶላ አይነሳ! ቶላ ካልተነሳ ሳጥን አይከፈት! ሳጥን ካልተከፈተ መዘውር አትዞር! መዘውር ካልዞረች ሞተር አይታፈን! ሞተር ካልታፈነ ላዳ ትቸኩላለች! ላዳ ከቸኮለች ትወድቃለች! ላዳ ከወደቀች ሞተሩ ሽንኩርት ያጠጣል!

ጋሼ ደግፌ ጀርባውን ለድንኳኑ ሰጥቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ... እሺ...» ይላል።

«ጋሼ ደግፌ!»

«ስልክ ላይ ነኝ እልፌ።»

«የያዝከው ዘቅዝቀህ ነው።»

ስልኩን አወረደና አየው። ከዚያ ኪሱ ከተተው። ፊቱን ግን ወደ እሷ አላዞረም።

«ለምን አትቀመጥም? በእግዚአብሔር፣ አንተን ብለው ሁሉም እጃቸውን ታጥበው እንደ ሐውልት ተገትረዋል!»

«ይህ ደመና ቢዘንብ ኖሮ» አለ ጋሼ ደግፌ ወደ ሰማይ እያየ፣ «እቀመጥ ነበር።»

«ደመናና ምሳ ምን አገናኛቸው?»

 እልፍነሽ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። ከንፈሩ ደርቋል። እንደሷው ከማለዳ ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰ ታወቃት።

«ሽንኩርቱ ራስ የሚይዝበት ጊዜ ነው፣ እልፌ» አለ በመጨረሻ። «በዚህ ሳምንት ውሃ ካላገኘ አለቀለት። ለፋሲካ ያልኩት ሁሉ ጭድ ይሆናል። የዓመት ልፋቴ ነው።»

«ታዲያ ‹ካለፍሽ እጠብቃለሁ› ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«የወንድሜ ልጅ ሆነሽ ምን ልበልሽ? አምጪ ልበልሽ?» እጁን አወናጨፈ። «ከጠዋት ጀምሬ እዚህ ቆሜ እንድትወድቂ እየጸለይኩ ነው። ሰማሽ? እንድትወድቂ! እናትሽ ‹ና ብላ› ትለኛለች። እንጀራሽን በአፌ ይዤ እንድትወድቂ ልጸልይ? ደመናው ቢዘንብልኝ ሽንኩርቱም ይጠጣል፣ እኔም ጸሎቴን ትቼ ምሳዬን እበላ ነበር። እሱም አልዘነበም።»

እልፍነሽ ቀና ብላ ደመናውን አየችው። ላዳዋን ያቀዘቀዘባት ይኸው ደመና ነው፤ አንዲት ጠብታ ሳይጥል በሐይቁ ላይ ተንጋሎ ተኝቷል። ደመና ካልዘነበ ጋሼ ደግፌ አይቀመጥ፤ ጋሼ ደግፌ ካልተቀመጠ እማዬ መሶብ አትከፍት፤ መሶብ ካልተከፈተ ጋሽ ሽብሩ አይጎርሱ፤ ጋሽ ሽብሩ ካልጎረሱ ቶላ አይነሳ፤ ቶላ ካልተነሳ ሳጥን አይከፈት፤ ሳጥን ካልተከፈተ መዘውር አትዞር፤ መዘውር ካልዞረች ሞተር አይታፈን፤ ሞተር ካልታፈነ ላዳ ትቸኩላለች፤ ላዳ ከቸኮለች ትወድቃለች፤ ላዳ ከወደቀች... እዚህ ላይ ቆመች። ደመናን በማን ያስለምኑታል? አማላጅ የለው፣ እናት የለው፣ ይሉኝታ የለው። በዚያ ሜዳ ላይ ይሉኝታ የሌለው እሱ ብቻ ነበር።

በጣም ተናደደች። በደመናው፣ በመሶቡ፣ በቶላ ጣቶች፣ በራሷም ተናደደች። ይህ ሰው እሷን በታክሲው የኋላ መቀመጫ አስተኝቶ ትምህርት ቤት ያደረሰ፣ አባቷ ታመው ሲተኙ ሽንኩርቱን ትቶ ሐኪም ቤት ያደረ ሰው ነው። አሁን ከፊቷ ቆሞ እንደ ሌባ ያፍራል። 

«ውሰደው!» አለች።

«ምኑን?»

«ሞተሩን! ባልፍም ውሰደው፣ ብወድቅም ውሰደው። ሩጫው እንዳለቀ ውሰደው። አሁን ናና ብላ!»

«ኧረ እንዲህማ አይሆንም፣ እንዴት ሆኖ፣ የወንድሜን...»

«ጋሼ ደግፌ! ይሉኝታህን ለሽንኩርቱ አጠጣው!»

እጁን ጨብጣ ጎተተችው። ሽማግሌ ሰው በሜዳ ላይ ሲጎተት ያየ ፍየል ሁሉ ቀና አለ። ድንኳኑ ሥር አድርሳ መሶቡ ፊት አስቀመጠችውና ውሃ አስታጠበችው። እናቷ ክዳኑን አነሱ፤ የሽሮው ሽታ ወጣ። እልፍነሽ ጎንበስ ብላ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ በአጎቷ አፍ ከተተችለት።

«የት አላችሁ!» ይላል ድምፅ ማጉያው፣ «ሰማያዊዋ ላዳ! ለሦስተኛ ጥሪ እየተዘጋጀን ነው!»

ልትሮጥ ስትል ጋሼ ደግፌ ክንዷን ያዛት። አፉ ሞልቷል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለ።

«ጋሼ!»

«ያጣላል!» አሉ ጋሽ ሽብሩም፣ ቶላም፣ እናቷም በአንድ ድምፅ።

እየጮኸች ሁለተኛውን ጠቀለለች፣ ከተተችለት። ዋጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ከዚህ በኋላ ማን ያስቁመው? ጋሼ ደግፌ ዋጠ፤ እናቷ «ብሉ እንጂ» አሉ፤ ጋሽ ሽብሩ ጎረሱ፤ ቶላ አንዴ ጎርሶ ተነሳ፤ እያኘከ ሮጦ ሳጥኑ ዘንድ ቆመ፤ ጋሽ ይርዳው ካቻቢቴውን ከጆሯቸው ነቅለው ሳጥኑን ከፈቱ፤ መዘውሯ አንድ ጭረት ወደ ቀኝ ዞረች። በቃ! ለዚህች ለአንዲት ጭረት ነው ይህ ሁሉ መከራ። ሦስተኛው ጥሪ ሳያልቅ ላዳዋ መስመሩ ላይ ደረሰች።

እልፍነሽ መሪውን እንደያዘች ስለ ሽንኩርትም ስለ ፋሲካም ማሰብ ተወች። ሞተሩ ዛሬ እንደሚወርድ ታውቃለች። ከመውረዱ በፊት ግን ላዳዋ አንዴ በትክክል እንድትሮጥ ፈለገች፤ ሳትቸኩል፣ ሳትዘገይ፣ አባቷ ሰው ሲጭኑ ይነዷት እንደነበረው።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። መርገጫውን እስከ ወለሉ ረገጠችው። ማገጃው ሞተሩን አፈነው፣ ላዳዋ አጉረመረመች፣ ቮልሱ ጥሏት ሄደ። ያዘው፣ ያዘው፣ አሁንም ያዘው። ከዚያ ለቀቀው። ላዳዋ ተወረወረች።

ቮልሱ ቀድሞ ገባ። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ በራ፤ ሃያ አልሞላም። ያ ደመናውን ያላየው ሰው ወደቀ። ላዳዋ ተከትላ ገባች። ሰሌዳው ሃያ አለ፣ ከጎኑም ትንሽ ፍርፋሪ። አለፈች።

ከሁሉ አስቀድሞ የጮኸው ጋሼ ደግፌ ነው። ሽሮ በጣቱ እንደያዘ በአስፋልቱ መሀል እየሮጠ «የወንድሜ ልጅ! የወንድሜ ልጅ!» ይላል። አሁን እንደ ልቡ መጮህ ይችላል፤ እንድትወድቅ የሚለምንበት ምክንያት አልነበረውም። ላዳዋ ዘንድ ሲደርስ ግን ዓይኑ ኮፈኑ ላይ አረፈና ድምፁ ጠፋ።

«እልፌ» አለ፣ «አልፈሻል እኮ። ተይው። እኔ ሌላ መላ...»

እልፍነሽ ከላዳዋ ወረደች። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት እሷም አልለየችውም።

«ዝም በል፣ ጋሼ» አለችው። ከዚያ ኮፈኑን በገዛ እጇ ከፍታ የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረች። ሞተሩ ገና ይፋጅ ነበር።

 ጋሼ ደግፌ እጁን በሱሪው ጠርጎ ከጎኗ ጎንበስ አለና የምትፈታውን ብሎን በመዳፉ ተቀበላት። «ለሆሳዕና ሽንኩርቱ ይነቀላል» አለ በዝግታ። «በማግስቱ ሞተሩን በራሴ ጫንቃ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ።»

«ጭቃውን አጥበህ።»

«አጥቤ።»

በዚያ ዓመት መቂ ላይ ሽንኩርቱ አማረ። ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ አብሱ ግን አልላችሁም፤ ዳቦውን ማን ቀድሞ ይቁረስ ስትባባሉ ይመሽብኛል።